ድርሻን ለባለ ድርሻው
ስለ ፈረንሳዊው የቴአትር ደራሲ ስለ ኤውዤን ስክሪብ

ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች አንድ ሥራ በኅብረት ሠርተው ከፈጸሙ በኋላ ክብሩና ገንዘቡ እንዴት ሊከፈል ይገባል? ይህ ጥያቄ በቤተ ሰብ መካከል፥ በመሥሪያ ቤትም፥ በንግድም ዘወትር የሚነሣ ነው። ብዙ ወንድማማች የተጣላው፥ ብዙም ወዳጅነት የፈረሰው ሥራው ስለ ከበደ አይደለም፤ ሥራው ካለቀ በኋላ አንዱ የሁሉን ምስጋና ለብቻው ጠቅልሎ ስለ ያዘ ነው እንጂ። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ለዚህ ጥያቄ በቃል ሳይሆን በአሠራሩ መልስ የሰጠውን አንድ ፈረንሳዊ ደራሲ ለአንባቢዎቻችን ልናስተዋውቅ እንወዳለን። ስሙ ኤውዤን ስክሪብ ይባላል። ስክሪብ ማለት በፈረንሳይኛ ጸሐፊ ማለት ስለ ሆነ፥ የአባቱ ስምና የእርሱ ግብር አንድ ሆነው ተገኝተዋል። በዚህ ጽሑፍ የምናመለክተው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ስክሪብ በዲሴምበር 24 ቀን 1791 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ተወለደ። አባቱ በሴን ዴኒ መንገድ ሐር የሚሸጥ ነጋዴ ነበረ። ነገር ግን ልጁ ገና በሕፃንነቱ አባቱ ስለ ሞተ፥ ያሳደገችውና ያስተማረችው እናቱ ናት። የተማረበትም ቤት ሴንት ባርብ የተባለው የታወቀ ትምህርት ቤት ነው። በዚያም ካዚሚርና ዠርሜን ደላቪኝ ከሚባሉ ሁለት ወንድማማች ጋራ ባልንጀራ ሆነ። እነዚህም ሁለቱ በኋላ የታወቁ ደራሲዎች ሆነዋል። በትምህርት ቤት የተጀመረው ይህ ባልንጀርነት በኋላ የሥራ ማኅበር እንደ ሆነ ስናይ፥ ወላጆች ልጃቸው ከማን ጋራ እንደሚውል መጠየቃቸው ከንቱ ጥያቄ እንዳልሆነ እንረዳለን።

እናቱም እርሱ ገና ወጣት ሳለ ስለ ሞተች፥ አንድ የታወቀ ጠበቃ ሞግዚት ሆኖ ያዘው። ሞግዚቱም የራሱን ሙያ ያወርሰው ዘንድ አስቦ ሕግ እንዲማር አደረገው። ልጁ ግን በስሙ የሕግ ተማሪ ሆኖ፥ ልቡ በቴአትር ቤት ይውል ነበር። ከ1810 ዓ.ም. ጀምሮ አንዳንድ አጫጭር ጨዋታዎችን እየጻፈ ለቴአትር ቤቶች ሰጠ፤ ዳሩ ግን የመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ ተመልካች ሳይወዳቸው ቀሩ። እንዲህ ያለ ውድቀት የደረሰበት ወጣት ብዙውን ጊዜ ወይ ተመልካቹን ይሰድባል፥ ወይም ብዕሩን ይጥላል። ስክሪብ ግን ሁለቱንም ሳያደርግ፥ ተመልካቹ የሚስቀው በምን እንደ ሆነ፥ የሚሰለቸውም የቱ ላይ እንደ ሆነ ከሕግ መጽሐፍ ይልቅ አጥብቆ ያጠና ጀመር።

በ1815 ዓ.ም. ደሌስትር ፑዋርሶን ከሚባል ጓደኛው ጋራ ሆኖ ስለ ፓሪስ ከተማ ዘብ አንድ ጨዋታ ጻፈ። በዚያ ዘመን የፓሪስ ነጋዴና ባለ ሱቅ ተራው ሲደርስ ጠመንጃ ይዞ ከተማውን ይጠብቅ ነበር። ቀን ጨርቅ ሲለካ የዋለው ሰው ማታ ወታደር ሆኖ ሲንጐራደድ ማየት ለሳቅ የተመቸ ነገር ነው። ስክሪብና ጓደኛው ይህን አንድ የዘብ ሌሊት በመድረክ ላይ ባሳዩ ጊዜ ተመልካቹ ራሱን ስላየ እጅግ ደስ አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የስክሪብ ስም በፓሪስ እየታወቀ ሄደ፤ የሕጉም ትምህርት በዚያው ቀረ።

ያ ዓይነት ጨዋታ ቮድቪል ይባላል። ይኸውም አጭርና ቀላል የሆነ፥ በንግግሩ መካከል ሕዝብ በሚያውቀው ዜማ የሚዘፈን ግጥም የሚገባበት አስቂኝ ቴአትር ማለት ነው። በ1820 ዓ.ም. ደሌስትር ፑዋርሶን ዢምናዝ የተባለውን አዲስ ቴአትር ቤት በከፈተ ጊዜ፥ ዋናው ደራሲ ስክሪብ እንዲሆንለት ተዋዋለው። በሚቀጥሉት ዐሥር ዓመታት ስክሪብና ጓደኞቹ ለዚያ ቤት ያቀረቡት ጨዋታ ከ100 በላይ ነው። ስክሪብ በሕይወቱ ሙሉ ስሙ ያለበት ሥራ ሁሉ ቢቈጠር ከ400 ያልፋል። ከሞተ በኋላ ሥራዎቹ ተሰብስበው ሲታተሙ 76 ጥራዝ ሆነዋል።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ያህል ሥራ አንድ ሰው ለብቻው ሊሠራው እንደማይችል ሳትገምት አትቀርም። ስክሪብም ለብቻዬ ሠራሁት አላለም። የአሠራሩ ሥርዓት እንዲህ ነበረ። አንዱ ጓደኛ አንድ አሳብ ወይም አንድ የሰማውን ታሪክ ይዞ ይመጣል፤ ስክሪብ አሳቡን ተቀብሎ ማን በየት እንደሚገባ፥ ምሥጢሩ መቼ እንደሚገለጥ፥ መጋረጃው በምን ቃል ላይ እንደሚዘጋ ጠቅላላውን ዕቅድ ያወጣል፤ ሌላው ደግሞ ንግግሩን ወይም የዘፈኑን ግጥም ይጽፋል፤ በመጨረሻ ስክሪብ ሁሉን አንድ እጅ እንደ ጻፈው አድርጎ ያስተካክለዋል። ጨዋታው በማስታወቂያና በመጽሐፍ ሲወጣ ግን የሠሩት ሰዎች ስም ከስሙ ጋራ አብሮ ይታተማል፤ ገንዘቡም ይከፈላል። አንድ አሳብ ብቻ ከሰው አግኝቶ በጨዋታው ውስጥ ያስገባ እንደ ሆነ፥ ሰውዬው ሳይጠይቀው ድርሻውን ይልክለት እንደ ነበረ ይነገርለታል። በ1828 ዓ.ም. የቴአትር ሥራዎቹን ሰብስቦ ማሳተም በጀመረ ጊዜም የመጽሐፉን መታሰቢያ የሰጠው ለንጉሥ ወይም ለባለጠጋ አይደለም፤ ለሥራ ጓደኞቹ ነው።

አገራችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ትላለች። ስክሪብ ይህን ተረት ባይሰማውም ሠርቶበታል። ነገር ግን ተረቱ የማይናገረው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሎሚው ተሸክሞ ከደረሰ በኋላ ገበያው ላይ «ሁሉ የእኔ ነው» የሚል ሰው ከተነሣ፥ በሁለተኛው ቀን የሚሸከምለት እንደማያገኝ ነው። ለስክሪብ ብዙ ጓደኛ ዘመኑን ሁሉ ሳይጠፋ የኖረለት፥ የየሰዉን ድርሻ ስላላስቀረ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ገንዘቡ ነገር ጥቂት እንናገር። በፈረንሳይ አገር ከብዙ ዘመን ጀምሮ በቴአትር ቤት ገንዘብ የሚያገኘው ባለቤቱና ተጫዋቹ ነበር፤ ደራሲው ግን ጥቂት ገንዘብ አንድ ጊዜ ተቀብሎ ይሄዳል፤ ጨዋታው መቶ ሌሊት ቢታይ ከዚያ በኋላ የሚደርሰው የለም። ይህ ነገር በደል መሆኑን አይቶ በ1777 ዓ.ም. ደራሲዎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰበሰበ ቦማርሼ የተባለው የታወቀ የቴአትር ደራሲ ነው። ስክሪብ በተወለደበት በ1791 ዓ.ም. ደግሞ በሕይወት ያለ ደራሲ በጽሕፈት ሳይፈቅድ ሥራው በአደባባይ ሊታይ አይገባም የሚል ሕግ ወጣ። ነገር ግን ሕግ በወረቀት ላይ መጻፉ ብቻ አይበቃም። በየከተማው የሚታየውን ጨዋታ ማን ቈጥሮ፥ የሚገባውን ማን ይቀበላል? አንድ ደራሲ ለብቻው ቢጠይቅ ባለ ቴአትሩ «ሥራህን አልፈልግም፤ ሌላ ደራሲ እጠራለሁ» ይለዋል።

ስክሪብ እጅግ የተፈለገ ደራሲ ስለ ነበረ ለራሱ ብቻ ጥሩ ውል መዋዋል ይችል ነበር። እርሱ ግን ከሌሎቹ ጋራ ሆኖ በ1829 ዓ.ም. የቴአትር ደራሲዎችና የዜማ አዘጋጆች ማኅበር እንዲቋቋም ዋና ሠራተኛ ሆነ። የማኅበሩም ሥርዓት አንድ ቁርጥ ያለ ዋጋ መቀበል ቀርቶ፥ ጨዋታው በታየ ቍጥር ከመግቢያው ገንዘብ የተወሰነ እጅ ለደራሲው እንዲደርሰው ነው። ገንዘቡን የሚሰበስበው ማኅበሩ ስለ ሆነ፥ ስም የሌለው ወጣት ደራሲም እንደ ታላቁ ደራሲ ድርሻው ይጠበቅለታል። በርታ ያለው ደካማውን ትቶት ለብቻው ሄዶ ቢሆን ኖሮ ማኅበሩ ባልጸናም ነበር። ይህ ማኅበር እስከ ዛሬ በፓሪስ ሥራውን ይሠራል።

ስለ ስክሪብ ሙያ ደግሞ በአንድ ምሳሌ እናስረዳ። በ1840 ዓ.ም. አንድ ብርጭቆ ውሃ የሚል ቴአትር ጻፈ። ታሪኩ የእንግሊዝ ንግሥት በነበሩት በንግሥት አን ግቢ የሚሆን ነው። ንግሥቲቱና ኃይለኛይቱ የማርልቦሮ ዱሼስ ሁለቱም ማሻም የሚባለውን አንድ ወጣት መኰንን በምሥጢር ይወዱታል፤ እርሱ ግን አቢጌል የምትባለውን ድኻ ልጅ ይወዳል። ቦሊንብሮክ የተባለው ብልህ መኰንን ይህን ሁሉ ያውቃል፤ እኛ ተመልካቾቹም እናውቃለን፤ እነርሱ ግን እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም። በጉባኤው ፊት ንግሥቲቱ ከማሻም እጅ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይጠይቃሉ። ዱሼሲቱ ይህ ምልክት መሆኑን አስቀድማ ሰምታ ስለ ነበረ፥ ባላንጣዋ ማን እንደ ሆነች በዚያች ቅጽበት ታውቃለች፤ በንዴትም ውሃውን በንግሥቲቱ ልብስ ላይ ታፈስሰዋለች። ከዚያ በኋላ ዱሼሲቱ ከሹመቷ ትወርዳለች፤ መንግሥቱም ከጦርነት ወደ ዕርቅ ይመለሳል። ትልቅ ነገር ከትንሽ ነገር ሊወለድ እንደሚችል ለማሳየት የጻፈው ነው።

የስክሪብ ጥበብ ይህ ነበረ። ምሥጢሩን ለተመልካች ገልጦ ከባለ ጉዳዮቹ ይሸሽገዋል፤ ዕድላቸውን አንድ ጊዜ ከፍ፥ አንድ ጊዜ ዝቅ ያደርገዋል፤ በመጀመሪያው ክፍል የተጣለች ደብዳቤ ወይም ቀለበት በመጨረሻው ክፍል ሳትፈለግ አትቀርም። ፈረንሳዮች ይህን ዓይነት ድርሰት በደኅና የተሠራ ቴአትር ብለው ይጠሩታል። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ሳርዱ የተባለው ደራሲ የስክሪብን ጨዋታ የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ አንብቦ የቀረውን ራሱ በመጻፍ ሙያውን ተማረ ይባላል። ታላቁ የኖርዌ ደራሲ ኢብሰንም በወጣትነቱ በቤርገን ከተማ ቴአትር ቤት ሲሠራ ብዙ የስክሪብን ሥራዎች በመድረክ ላይ አውጥቷል።

ከዚህም ሌላ ስክሪብ የኦፔራ ድርሰት በመጻፍ በኤውሮፓ ሁሉ ታወቀ። ኦፔራ ማለት ንግግሩ በዜማ የሚባልበት ቴአትር ነው። ሙዚቃውን የሚያዘጋጀው ሌላ ሰው ስለ ሆነ፥ የቃሉ ደራሲ የሌላውን ሙያ አክብሮ መሥራት አለበት፤ ግጥሙ ቢያምርም ለዜማው ካልተመቸ ይቈረጣል። ስክሪብ በዚህ ነገር ኩራት አልነበረውም። በ1825 ዓ.ም. ለቦዋልዲዩ ነጪቱ እመቤት የተባለውን ጻፈለት። ለኦቤር፥ ለሃሌቪና ለማየርቤርም ብዙ ጻፈ። ለማየርቤር የጻፈው ስለ ፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች መገደል የሚናገረው ሁጉኖች የተባለው ኦፔራ በ1836 ዓ.ም. ከታየ ጀምሮ በፓሪስ ኦፔራ ቤት ከ1000 ጊዜ በላይ ታይቷል። ማየርቤር በቀላሉ የማይረካ ሰው ስለ ነበረ፥ ስክሪብ አንዱን ክፍል ደጋግሞ ይለውጥለት ነበር። አፍሪካዊቱ የተባለውን ኦፔራ በ1837 ዓ.ም. ጀምረው ሁለቱም በሕይወት ሳሉ ሳይታይ ቀረ፤ ስክሪብ በ1861፥ ማየርቤር በ1864 ዓ.ም. ሞቱና ኦፔራው በ1865 ዓ.ም. ታየ።

ከኦፔራዎቹ ሁሉ ታሪክ የማይረሳው ግን ከዠርሜን ደላቪኝ ጋራ ለኦቤር የጻፈው የፖርቲቺ ድዳ የተባለው ነው። በ1647 ዓ.ም. በናፖሊ ከተማ ማዛኒዬሎ የተባለ ዓሣ አጥማጅ በስፓንያ ገዦች ላይ ስለ መነሣቱ ይናገራል። የማዛኒዬሎ እኅት ድዳ ስለ ሆነች፥ ሁሉ በሚዘፍንበት መድረክ ላይ እርሷ በምልክት ብቻ ትናገራለች። ይህ ኦፔራ በ1828 ዓ.ም. በፓሪስ ታይቶ ተወደደ። በኦገስት 25 ቀን 1830 ዓ.ም. ግን በብሩሴል ከተማ ሲታይ ሌላ ነገር አመጣ። ቤልጆች በዚያ ጊዜ በሆላንድ ንጉሥ ሥር ነበሩና፥ ስለ አገር ፍቅር የሚዘፈነውን ሰምተው ልባቸው ተቃጠለ፤ ከቴአትር ቤት ወጥተው በከተማው ሁከት አስነሡ። በዚያው ዓመት ቤልጅግ ነጻነቷን አወጀች። ለነጻነቱ ሌላ ብዙ ምክንያት እንደ ነበረው የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ቃል በሰው ልብ ውስጥ አስቀድሞ የተከመረ ነገር ሲያገኝ እንደ ክብሪት መሆኑን ይህ ሌሊት አሳይቷል።

በ1834 ዓ.ም. ስክሪብ የፈረንሳይ አካዴሚ አባል ሆኖ ተመረጠ። በሴሪኩር መንደር የሠራውን ያማረ ቤት በደጁ ላይ፥ ቤቱን ያሠራለት የቴአትሩ ተመልካች መሆኑን የሚያስታውስ ምስጋና ለመንገደኛ አጽፎ ነበር። ብዙ ሰው ሲከብር ያከበረውን ይረሳል፤ ይህ ሰው ግን በበሩ ላይ ጻፈው።

በ1849 ዓ.ም. ደግሞ ሌጉቬ ከተባለው ጓደኛው ጋራ ስለ አድሪየን ሌኩቭረር፥ በ1730 ዓ.ም. ስለ ሞተችው የታወቀች የቴአትር ተጫዋች ድርሰት ጻፉ። የጻፉት የዘመኑ ታላቅ ተጫዋች ራሼል እንድትጫወተው ነበር። እርሷ ግን ሲነበብላት አልወደደችውም። በኋላ ሌጉቬ እንደ ገና ታግሦ ባነበበላት ጊዜ አሳቧን ለውጣ ተቀበለችው፤ ከታወቀችባቸውም ጨዋታዎች አንዱ ሆነ። በዚህ ሥራ የስክሪብ ስም ብቻውን ቢቆም ኖሮ፥ ድርሰቱን ያዳነው የጓደኛው ትዕግሥት እንደ ነበረ ዛሬ ማን ያውቅ ነበር?

የሰው ታሪክ ሲጻፍ ነቀፋውም ሊነገር ይገባል። በዘመኑ የነበሩ ብዙ ጸሐፊዎች ስክሪብን ይነቅፉት ነበር። ቴኦፊል ጎቲዬ የተባለው ባለ ቅኔ ቋንቋው ውበት የለውም አለው። ሌሎቹም ቴአትርን እንደ ፋብሪካ ዕቃ ይሠራዋል፥ ለገንዘብ ይጽፋል አሉት። ነቀፋው ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ሰዎቹ በዕቅዱ ውስጥ እንደ ሰንጠረዥ ጠጠር ይንቀሳቀሳሉ እንጂ፥ የልባቸው ጥልቀት ብዙ አይታይም። ሥራ በበዛበትም ጊዜ ቸል ማለት አልቀረለትም፤ በ1855 ዓ.ም. የሲሲልያ ሠርክ ጸሎት ለተባለው ኦፔራ ሙዚቃ ያዘጋጀው የኢጣልያው ቬርዲ፥ ስክሪብ የመጨረሻውን ክፍል ለማሻሻል አልተጋልኝም ብሎ በደብዳቤ አጥብቆ አጕረምርሟል። ዛሬ ከስክሪብ ቴአትሮች ብዙዎቹ በመድረክ አይታዩም። አሳቦቹ ግን በሌሎች እጅ ኖረዋል፤ የዶኒዜቲ የፍቅር መድኃኒትና የቬርዲ የጭምብል ዳንስ የተባሉት ኦፔራዎች ታሪካቸው ከስክሪብ ድርሰት የተወሰደ ነው፤ እነዚህም እስከ ዛሬ በዓለም ሁሉ ይታያሉ።

ስክሪብ በፌብሩዋሪ 20 ቀን 1861 ዓ.ም. በ69 ዓመቱ በፓሪስ ሞተ። የቋንቋው ውበት ከሌሎች ታላላቅ ደራሲዎች ያነሰ መሆኑን እኛም አንክድም። ዳሩ ግን ከእርሱ የሚበልጥ ቃል የጻፉ ሰዎች ሳይቀሩ የብዕራቸውን ዋጋ የተቀበሉት እርሱ ባጸናው ሥርዓት ነው። ስለዚህ የሰውን ሥራ ስንመዝን፥ ያቀረበልንን ነገር ብቻ ሳይሆን፥ ሥራውን ሲሠራ አጠገቡ የነበሩትን ሰዎች እንዴት እንደ ያዛቸው መመልከት ይገባናል።

ይህም ምክር ለደራሲዎች ብቻ አይደለም። ሹም በጸሐፊው የተሰናዳውን ደብዳቤ በማኅተሙ አትሞ ሲመሰገንበት፥ በአለቆቹ ፊት የጸሐፊውን ስም ቢያነሣ ክብሩ አይቀነስበትም። የቤት ጌታ እንግዶቹ ማዕዱን ሲያመሰግኑለት፥ ከሌሊት ጀምራ የደከመችውን ባለቤቱንና በእሳት አጠገብ የዋሉትን ሠራተኞች ቢያስታውስ ቤቱ ይሞቃል። አባትም ለልጆቹ የጋራ ሥራ ሰጥቶ በጨረሱ ጊዜ፥ የታላቁን ብቻ ሳይሆን ውሃ ያቀበለውንም የትንሹን ልጅ ድርሻ በስሙ ጠርቶ ቢናገር፥ በኋላ በርስት ከመካሰስ የሚያድን ትምህርት አስተማራቸው ማለት ነው። ድርሻን መስጠት በገንዘብ ብቻ የሚፈጸም አይደለም፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጀመረው ስምን በመጥራት ነው።